ሀሳብ አጠናካሪው አቶ ረታ

ፕሪንተር የሌለው መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። ውኃ የማያውቀው፣ ኃላፊ ያልተመደበለትም አይቻለሁ። ሀሳብ አጠናካሪ የሌለው መሥሪያ ቤት ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል፣ ሰው ሁሉ ደብተሩን አጥፎ ለመነሳት ሲያኮበኩብ እጁን የሚያወጣው ሰው ነው። «የእኔ ሀሳብ ቀደም ብሎ ተነስቷል» ይላል። ከተነሳማ ምን ቀረህ ትላላችሁ። «ለማጠናከር ያህል ነው» ይልና ሃያ ደቂቃ ይሄዳል።

የእኛው ክቡር አቶ ረታ ይባላሉ። ጋምቤላ ከተማ መሃል ባለው ቢሯችን ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ አዲስ ሀሳብ ሲያነሱ የሰማ የለም፤ ሳያጠናክሩት ያለፈ ሀሳብም የለም። ሁለት ሰዎች ቢከራከሩ ሁለቱንም ያጠናክራሉ። መብራት ጠፍቶ ፋኑ ሲቆም፣ ሸሚዛችን ከጀርባችን ጋር ሲጣበቅ፣ እሳቸው ያለ ማይክሮፎን ይቀጥላሉ። ባጃጅ ውስጥ ቀድሞ የገባው ተሳፋሪ «ኒውላንድ ሰፈር» ካለ፣ ቤታቸው በሌላ በኩል ቢሆንም ኒውላንድን ሳያጠናክሩ አያልፉም ይባላል። በሠርጋቸው ቀን ሙሽራይቱን ትወዳለህ ወይ ሲባሉ «ከተባለው የተለየ ሀሳብ የለኝም» አሉ የሚለውን ግን ወሬኛ የፈጠረው ይመስለኛል።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ስድስት ዓመት የሰው ንግግር ስጽፍ በስብሰባ ላይ አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም። የያዥ ሥራው መጻፍ ነው እያልኩ ራሴን አሳምናለሁ። አቶ ረታ ሲነሱ «ሀሳቡን አጠናክረዋል» ብዬ እጽፍና እጄን አሳርፋለሁ።

አምና ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ሄደን ስለ አዲሱ የምዝገባ አሠራር ከተወካዮቹ ጋር ተሰበሰብን። አቶ ረታ እንደ ልማዳቸው ሩብ ሰዓት ሙሉ አጠናከሩ። አስተርጓሚያችን ላም በትዕግሥት አዳምጦ ወደ ኑዌርኛ በሁለት ቃል መለሰው። ሰዉ አጨበጨበ። አቶ ረታ ደስ ብሏቸው ምን እንዳለ ጠየቁት።

«‹እሳቸውም ተስማምተዋል› አልኳቸው» አለ ላም።

ዘንድሮ ደግሞ ለውጥ መጣ። ዶሴ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ ተባለ፣ መዋቅር ተጠና፣ የሥራ መደብ በየሳምንቱ ስም ይቀይር ጀመር። «በለውጥ ዘመን የአመራርና የተግባቦት ክህሎት» የሚል የሦስት ቀን ሥልጠናም በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰጠን። አሰልጣኟ አቢጋኤል የምትባል ቀልጣፋ ወጣት ነበረች። ጥሩ ቡድን የተባለውን አይደግምም፣ መደጋገም ጊዜ ይገድላል ብላ በምሳሌ አስረዳችን። አቶ ረታ ወዲያው ተነሱና፣ መደጋገም ጊዜ ይገድላል የሚለውን ለማጠናከር ያህል፣ የሻይ ሰዓታችንን ጨረሱት። አቢጋኤል መጀመሪያ ሰዓቷን፣ ቀጥሎ ጣራውን፣ በመጨረሻ እኔን አየች። እኔ ምን ላድርግ?

ከሥልጠናው በጣም የተለወጠው ኃላፊያችን አቶ ኦሞት ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ችኩል ነው። በማግስቱ አዲስ ሕግ አወጣ። በስብሰባ የሚናገረው አዲስ ሀሳብ ያለው ብቻ ነው፤ ማጠናከር ቀርቷል። እልል ማለት ነው የቀረን። ስብሰባ በሃያ ደቂቃ ያልቅ ጀመር። አቶ ረታ ለአንድ ወር እጃቸውን እስከ ጆሯቸው ያነሱና መልሰው ያወርዱታል። ሰው እየሳቀ ይነካካቸው ነበር፤ እኔም አልቀረሁም።

በአምስተኛው ሳምንት ግን ሳቁ ጠፋ። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ነውና ወይዘሮ የሺአረግ ወደ ጆር ወረዳ ትዛወራለች የሚል ወሬ ከስብሰባው በፊት ደረሰን። የሺአረግ የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ናት። እናቷ ኒውላንድ ባለው ቤታቸው ከአልጋ ላይ አይነሱም፤ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በባጃጅ እየበረረች ሄዳ አጉርሳቸው፣ ጎናቸውን ገልብጣ ትመለሳለች። ጆር ክረምት ሲገባ መንገዱ ይቋረጣል። ማን ያጉርሳቸው? ኮሪደሩ ላይ ከበብናት። ግፍ ነው አልን፣ ዝም አንልም አልን፣ አንዷ እንዲያውም አለቀሰች።

ገባን። አቶ ኦሞት ውሳኔውን አነበበና አዲስ ሀሳብ ያለው እንዳለ ጠየቀ። ዝም አልን። ዝም አንልም ያልነው ሁሉ ዝም አልን። የሺአረግ በር አጠገብ ተቀምጣ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እኔ ገጽ ቁጥር እጽፍ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት።

አቶ ረታ እጃቸውን አወጡ።

«አቶ ረታ፣ ማጠናከር ቀርቷል እኮ» አለ ኃላፊው።

«ገብቶኛል። ቀደም ብሎ የተነሳውን ሀሳብ ለአንድ ጊዜ ብቻ ላጠናክር። የሺአረግ እዚሁ ትቆይ የተባለው ትክክል ነው። የትኛው ዶሴ የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። ኮምፒውተሩን የሚሞላው ልጅ እሷን ሳይጠይቅ ምኑን ይሞላል? እናቷም አልጋ ላይ ናቸው የተባለው እውነት ነው። እደግፋለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ደቂቃ አልሞላም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አጭር ተናግረው አያውቁም።

አቶ ኦሞት ግራ ገባው። ወረቀቱን አገላበጠና ወደ እኔ ዞሮ ይህን ሀሳብ ማን እንዳነሳው ጠየቀኝ። ቃለ ጉባኤዬ ባዶ ነው። አቶ ረታን አየኋቸው። መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው፤ የጠራውን መስታወት መልሰው መላልሰው ይጠርጋሉ። ለካ እሳቸውም እንደኛ ይፈራሉ። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«መቼ?» አለ ኃላፊው።

«አሁን።»

ከዚያማ የሁሉም አፍ ተከፈተ። ሀሳቡ ባለቤት ካገኘ በኋላ የማይደግፈው ጠፋ፤ የሚወጣው እጅ ስለበዛ ጽፌ መጨረስ አቃተኝ። አቶ ኦሞት ሁላችንንም እስከ መጨረሻው አዳመጠን። የመጨረሻው ሰው ሲቀመጥ ወረቀቱ ላይ ረጅም መስመር አሰመረና፣ የሺአረግ ዶሴ ወደ ኮምፒውተር የማስገባቱን ሥራ እዚሁ ትመራለች አለ። የሺአረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ወጣች።

ማታ ከሥራ ስንወጣ አቶ ረታን በር ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሽ ረታ፣ ሀሳቡን ማንም አላነሳውም ነበር እኮ» አልኳቸው።

«እንዴት አላነሳውም? ኮሪደሩ ላይ ሁላችሁም ስትሉ ሰምቻለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ጉዳዩን ከመነሻው ይተነትኑልኝ ጀመር። እስከ ቤታቸው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ሩቅ ነው፣ አንድም ጊዜ አላቋረጥኳቸውም።