የፀሐይዋ ማድያት

ትናንት እሑድ ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ጥፋቴን ልናገር። ከተማችን መንቀጥቀጥ ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሸራ ወጥረው ደጅ ነው የሚውሉት፣ ደጅ ነው የሚያድሩት። በዚህ ላይ በየስልኩ አንድ ወሬ ይዞራል፤ «እሑድ ፀሐይ ትፈነዳለች፣ መሬትም ትናወጣለች» የሚል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። በዕድራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ በፀሐይና በመሬት መንቀጥቀጥ መካከል ያለው ግንኙነት እንዳልተረጋገጠ፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች አለ ቢሉም ሌሎች ፈልገው እንዳጡት፣ ቀን ስለገጠመ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት እንደማይሆን አስረዳሁ። ሞቅ ተደርጎ ተጨበጨበልኝ። ባለቤቴ ዘነበወርቅ ግን ትናንት ምሳ ስታነሣ፣ «ፀሐይዋን ተዋት፤ እኛም እንደ ሰው ደጅ እንውጣ» አለችኝ። «አልተረጋገጠም» አልኳትና ጋቢዬን እስከ ራሴ ተከናንቤ ተኛሁ።

በሕልሜ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ አንድም ቤት አጣሁ። ሰዎቹ በየቦታቸው አሉ። አንዷ ወጥ ታማስላለች፣ አንዱ ጺሙን ይላጫል፤ ግድግዳ ብቻ ነው የጠፋው። ቤቶቹ ኳስ ሜዳው ላይ ሸራ ወጥረው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሁለት ትንንሽ ሽንት ቤቶችን በብብቱ ሸጉጦ «አይዟችሁ» ይላቸዋል።

የራሴን ቤት ከሩቅ አወቅሁት።

«ምነው ወጣህ?» አልኩት።

«ሰው ይወድቅብኛል ብዬ።»

«ሰው በቤት ላይ ይወድቃል እንዴ?»

«ተው እንጂ መምህር! አንተ ደግሞ ከሁሉም የባስክ ነህ። እስቲ ዙር።»

ዞርኩ። ጀርባዬን በበሩ እጀታ ቆርቆር አደረገ። ከዚያ መሐንዲስ አስጠራ። መሐንዲሱ የሰፈራችን ውሃ ታንከር ነበር። እየተንከባለለ መጥቶ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ በሜትር ለካኝ፣ «ተሰንጥቋል፤ ማንም እንዳይጠጋው» ብሎ በቀይ ቀለም ግንባሬ ላይ የኤክስ ምልክት አደረገብኝ። ተሰድቤም አላውቅ እንደዚያ ቀን።

ቀና ስል ዘነበወርቅን አየኋት። ቤታችን በነበረበት ቦታ፣ በባዶው ሊሾ ላይ፣ ከአልጋችን ጫፍ ተቀምጣለች። ሰማይ የለባትም። መሬት ወደ ላይ ወጥታ አንድ ኮረብታ የሚያህል ድንጋይ ከራሷ በላይ ተንጠልጥሏል። እዚያ የተቀመጠችው እኔ ተቀመጪ ስላልኳት ነው።

«ልውጣ ወይስ ልቆይ?» ብላ ተጣራች።

«ውጪ» ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አልተረጋገጠም» የሚል ነው። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው። እሷም እሺ ብላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ድንጋዩ መቼ እንደሚወድቅ ልጠይቅ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። ሕንፃው ሜዳ ስለወጣ ወንበሮቹ ብቻ ናቸው የቀሩት። በወንበሮቹ ላይ የመሬት ንዝረቶች እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊዋና ጥበቃው ደግሞ ማመልከቻ ይዘው ተሰልፈዋል።

«መቼ ነው የምትመጡት? ሕዝቡን እናዘጋጅ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ኮፍያውን አውልቆ።

«ነገ ተመለሱ» አለ አንዱ ንዝረት ጥርሱን እየጎረጎረ። «ትልቁ ስብሰባ ላይ ነው።»

አንድ ቀጭን፣ ሰው እንኳ የማይቀሰቅስ ንዝረት ቅጽ ይዞ ወደ እኔ ተጠጋ። «መምህር፣ እባክዎ ይሙሉልኝ። ‘ምክንያት’ በሚለው ላይ ‘ፀሐይ’ ልበል? ፀሐይ ያለ ቶሎ ይስተናገዳል ብለውኛል።»

«ሐሰት አልሞላም» ብዬ ተቆጣሁ። እንደ ተቆጣሁ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው በብብቴ ያዙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ፀሐይና መሬት በሰላም መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ልናጣላቸው ነው፤ አንተ ምስክር ነህ።»

«በአገራችን ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ያጣላል?»

«በማን አገር?» አሉና ወሰዱኝ።

ሸንጎው ዋርካ ሥር ነበር። ፀሐይ ራሷ ሙቀት በዛብኝ ብላ ጥላው ውስጥ ገብታለች። ነጠላዋን ስትገልጥ ፊቷ ላይ ጥቋቁር ማድያት አየሁ።

«በየአሥራ አንድ ዓመቱ ይነሣብኛል» አለች እያፈረች። «ያን ጊዜ ሆድ ይብሰኛል፣ እሳት እተነፍሳለሁ። ግን እዚያ ማዶ ሆኜ የሰው ግድግዳ በምን እጄ እጥላለሁ?»

ከፊት ለፊቷ እማማ መሬት በጎናቸው ጋደም ብለው ወገባቸውን ያሻሉ። «ማን ይጥለዋል ታዲያ?» አሉ። «ይህን ወገቤን ሳፍታታ ስንት ሚሊዮን ዓመቴ! ስምጥ ሸለቆውን የቀደድኩት በገዛ ጎኔ ነው። አንድ ቀን ‘እማማ፣ የት ላይ ነው የሚያምዎት?’ ያለኝ የለም። ሥራው የኔ፣ ስሙ የሷ!»

ሽማግሌዎቹ ጠቡ ስለሰመረላቸው ደስ አላቸው። «ፍቅራችሁን ያፍርሰው» ብለው መረቁ። «አሜን» አልን።

«ምስክሩ ይናገር» አለች ፀሐይ። «ነካኋት ወይስ አልነካኋትም?»

ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስለ ማድያቱ፣ ስለ ዓመታቱ ቁጥር፣ ግንኙነት ስለማግኘትና ምክንያት ስለማግኘት ልዩነት ተናገርኩ። እንዴት አማረልኝ! በመሐል ከበስተኋላዬ ዘነበወርቅ «ልውጣ?» ስትል ተሰማኝ። ሳልዞር እጄን አንሥቼ፣ «አንዴ፣ ነጥቤን ልጨርስ» አልኳት። ሸንጎው በእግሩ አጨበጨበልኝ።

እማማ መሬት ግን አላጨበጨቡም። እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ይሞቃል።

«ስለሷ ጥሩ አድርገህ ተናግረሃል፣ ልጄ። አሁን ስለኔ ተናገር። እነቃነቃለሁ ወይስ አልነቃነቅም?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ፀሐይ ስከራከር ይህን ራሴን ጠይቄው አላውቅም። አፈርኩ።

«ይነቃነቃሉ» አልኩ።

«ሚስትህ የት ናት ታዲያ?»

ዞሬ ሮጥኩ። ወደ ፊት በሮጥኩ ቁጥር ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ከድንጋዩ ላይ አፈር እየረገፈ ዘነበወርቅ ፀጉር ላይ ያርፋል። «ውጪ!» ለማለት ጉሮሮዬ እስኪላጥ ጮኽኩ፤ የሚወጣው ግን ያው የስብሰባው ንግግር ነው፣ ከነጭብጨባው። ቤቴ ከሜዳው ተነሥቶ ከጎኔ እየሮጠ፣ «አትጠጋት! አንተ ነህ የምትወድቅባት!» ይለኛል። ድንጋዩ ተንሸራተተ። ጡሩምባ ተነፋ። ነቃሁ።

ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ከነአልጋዬ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ነኝ። ከጎረቤት እንጨት ሥራ ቤት የመጡ አራት ሰዎች የአልጋውን እግሮች ለቀው ያለከልካሉ። ከአጥሩ ውጭ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ፤ ተከናንቤ በአራት ሰው ስወጣ አይተው ነው። የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ አቶ ደምሳሽ መንገዱ መሐል ቆመው፣ «መምህር ተካልኝን ፀሐይ ገደለቻቸው! ቀብሩ ይነገራል!» እያሉ ይለፍፋሉ። ቀና ብዬ ቁጭ ስል አንዷ አልቃሽ ራሷን ሳተች።

ወደ ቤቱ ዞርኩ። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ የለም። ራስጌዬ በነበረበት ቦታ ብሎኬት ተከምሯል፤ አቧራው ገና አልሰከነም። ዘነበወርቅ በባዶ እግሯ አጠገቤ ቆማለች።

«ምሳ በልተህ እንደተኛህ ትንሽ ነቀነቀን» አለችኝ። «ሁለተኛው ሳይመጣ ብዬ ሰዎቹን ጠራኋቸው።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ብቀሰቅስህማ ትከራከረኝ ነበር» አለች።