የመምህር ሃሊቹክ አስራ ሰባት ደቂቃ

ሥራ የማይጨርስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ቤቱን ሲያድስ ያረጀ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያርም ጡረታ የደረሰበት። የካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ ክቡር መምህር ኦረስት ሃሊቹክ ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ። ክላርኔት ለተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ብቻ የጻፉትን የአስራ ሰባት ደቂቃ ሙዚቃ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አረሙት።

መከራውን የምታየው ሙዚቃውን የምትጫወትላቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ሎርና ፍሪሰን ነበረች። ሙዚቃው ከአንድ ክላርኔት ሁለት ድምፅ ባንዴ ማውጣት፣ ጉንጭ ውስጥ በያዙት አየር እየነፉ በአፍንጫ መተንፈስ ይጠይቃል። ከንፈሯ ደምቶ አንዱን ገጽ ስትለምደው ስልኳ ይጮኻል።

"ሎርናዬ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ።"

ያቺ ትንሽ ነገር ሦስት ገጽ ሆና ትመጣለች። በዚህ ሰበብ ሙዚቃው ሊቀርብበት የታሰበው ኮንሰርት ሁለቴ ተሰረዘ። በእናቷ ቀብር ዕለት እንኳ፣ መምህር አቅፈው ካጽናኗት በኋላ ከካፖርታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ምን ታድርግ፣ ወረቀቱን ተቀበለቻቸው።

ባለፈው ኅዳር ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል ተኙ። ሎርና አልጋቸው አጠገብ ቆማ ተጫወተችላቸው።

"አራተኛው ገጽ ላይ ቸኮልሽ" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"እንደጻፉት ነው የተጫወትኩት፣ መምህር።"

"እንግዲያው የቸኮልኩት እኔ ነኝ። እርሳስ ስጪኝ።"

"አልሰጥዎትም። ይብቃ፤ አልቋል።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሦስተኛው ቀን አረፉ። እርሳሱን መከልከሏ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

በየካቲት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ አርባ ለማይሞሉ ሰዎች ሙዚቃውን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከሁለቱ ድምፆች አንዱ ከዳት። ማንም አላወቀም። ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ አንዲት ሴት እጇን ጨብጣ "እንከን አላገኘሁበትም" አለቻት። ሎርና አመስግናት መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ተቀምጣ አለቀሰች። ያቺን ስህተት ሰምቶ ሊቆጣት የሚችለው አንድ ሰው በረዶ በሸፈነው መሬት ውስጥ ተቀብሯል።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ከምድር ቤቱ የክላርኔት ድምፅ ሰምቶ ወረደ።

"ኮንሰርቱ አልፎ የለ እንዴ?"

"አልፏል" አለች። ከንፈሯን አርጥባ ትናንት የተሳሳተችባትን ያቺኑ መስመር ቀስ ብላ እንደገና ጀመረች።