ድሮ ሞታ ዘንድሮ ያልሞተች

ለማታውቁት ሰው ለቅሶ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደርሻለሁ፤ ያውም ሚኒባስ ውስጥ። ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ ስሄድ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ከረባት ያሰሩ መምህራን ይከራከራሉ።

«እናትየዋ ሞታለች! ልጆቹ ሲያለቅሱ አይተናል እኮ» አለ አንዱ።

«እሱ ድሮ ነው። በአዲሱ አልሞተችም፤ አባትየው ነው የደበቃት» አለ ሌላው፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

ድሮ ሞታ ዘንድሮ ያልሞተች? ግራ ቢገባኝም ሐዘን ሐዘን ነውና ነጠላዬን አዘቅዝቄ «እግዜር ያጽናችሁ» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «እማማ፣ የካርቱን ቀበሮ እኮ ናት! ፊልሙን እንደገና ሠርተውት ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ጉብሬ ስወርድ ግን አላስቻለኝም፤ በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ ጠየቅኋቸው፦

«ታዲያ ልጆቹ አሁን ማን ጋ ናቸው?»