ሦስተኛው «እንዴት ነሽ»

ሌሊቱን አያ አሊጋዝ ሕልም አዩ። በሕልማቸው አዲስ አበባ ሰላምታ ጀምራ ነበር።

ሰላምታ ሲባል እንደዋዛ የሚወረወረው ዓይነት አይደለም። ወረኢሉ ገጠር፣ በአያ አሊጋዝ መንደር፣ ሰው «እንዴት ነህ?» የሚባለው ሦስት ጊዜ ነው። አንደኛው ለፈጣሪ ነው፤ መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ነው፣ ቤት ቢቃጠልም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ሁለተኛው ለወጉ ያህል ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ላሟ ይወራል። እውነቱ የሚወጣው ሦስተኛው ላይ ነው። ሦስተኛውን ሳይጠይቅ ያለፈ ሰው አየኝ እንጂ ሰላም አለኝ አይባልም።

ባለቤታቸው ዘይነባ ከተማ የላኳቸውም ለዚሁ ነበር። ልጃቸው ሉባባ አዲስ አበባ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ እማ» ትላለች፣ ከዚያ ወይ ካርዱ ያልቃል፣ ወይ ኔትወርኩ ይጠፋል።

«ይሄ ስልክ አንደኛውን ብቻ ነው የሚያመጣው» አሉ ዘይነባ። «ሂድና ሦስተኛውን ጠይቀህ ና። ሳትጠይቅ ብትመጣ ወላሂ በር አልከፍትልህም።»

አያ አሊጋዝ አምስት ቀን ሙሉ ሞከሩ። ጠዋት አንደኛውን ሲጠይቁ ሉባባ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እያሰረች ነው። ማታ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ራት ታቀርባለች፣ ወይ ስልኳ ይጮኻል፣ ወይ ደክሟት እዚያው በተቀመጠችበት እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። ልጃቸውን ቀስቅሰው እንዴት ነሽ አይሏት ነገር፣ አንጀታቸው አይችልም። ሦስተኛው ጉሮሯቸው ላይ እንደቀረ፣ ነገ ጠዋት ለመሳፈር ሻንጣቸውን ቆልፈው ተኙ። ሕልሙም ያን ጊዜ መጣ።

በሕልማቸው ረፋድ ላይ ነበር። ከሉባባ ቤት፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ ደረጃውን ሲወርዱ አንዲት ሴትዮ መንገድ ዘግታ ቆማ አገኙ። አወቋት። በመጀመሪያው ቀን ደረጃ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ሲሉ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በሯን ከውስጥ ሁለት ጊዜ የቆለፈችባቸው ጎረቤት ነበረች።

«የት ቆዩ አባባ?» አለች ተቆጥታ። «ሰላም ሳይሉኝ እንዴት ሥራ ልግባ?»

ጠየቋት። አልሐምዱሊላህ፣ አለች። ደግመው ጠየቋት። ውኃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ አለች። ሦስተኛውን ሲጠይቋት ዓይኗ ውኃ ሞላ።

«በሬን የምቆልፈው ሰው ፈርቼ አይደለም» አለች። «የሚያንኳኳ እንደሌለ እንዳላውቅ ብዬ ነው።»

አያ አሊጋዝ ከበሩ ፊት ቆመው አንኳኩላት። እሷም ከውጭ ሆና «ማነው?» አለች፣ ደስ ብሏት። ከዚያ ደረጃው አለቀ።

መንገድ ላይ ታክሲዎች ረጅም ሰልፍ ይዘው ሰው ይጠብቁ ነበር። ሰዎቹ ደግሞ አስፋልቱ ዳር ቆመው «አንድ ታክሲ የቀረው! አንድ ታክሲ!» እያሉ ይጣራሉ። አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ እያፈረ ወደ አያ አሊጋዝ ተጠጋ።

«አባባ፣ ቦታ አለዎት?»

«ወዴት ነህ?»

«ሜክሲኮ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ። ውጣ።»

ሚኒባሱ ጀርባቸው ላይ ወጣ። የሁለት ወር ጥጃ ያህል ይከብድ ነበር፤ ያንን ደግሞ ለምደውታል። እየሄዱ ጠየቁት። ሦስተኛው ላይ ጎማው ተንቀጠቀጠ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስሸከም፣ እኔን አንድም ቀን ያዘለኝ የለም» አለ። አያ አሊጋዝ «እሽሩሩ» አሉት። ብዙም ሳይቆይ ተኛ፣ ሲያንኮራፋም ሞተሩ ይሰማ ነበር።

መስቀለኛው መንገድ ላይ የትራፊክ ባርኔጣ የደፋ በግ ፊሽካ ነፋ። ሮጦ የተያዘ አንድ ወጣት አጠገቡ ቆሟል። በጉ ፈረደበት፤ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ እናቱ እንዲያወራ።

«ስንት ሰዓት?» አለ ወጣቱ።

«እስኪበቃህ» አለ በጉ። ወደ አያ አሊጋዝም ዞሮ፣ «እርስዎ ይለፉ፣ እርስዎ ቀስ ይላሉ» አላቸው። አያ አሊጋዝ ኮሩ። አምስት ቀን ሙሉ ቀስ በማለታቸው ሲገፈተሩና ጥሩንባ ሲነፋባቸው ነበር የከረሙት፤ በበግ መመስገን ቀላል ነገር አይደለም።

ሚኒባሱን ሜክሲኮ አውርደው ትንሽ እንደሄዱ፣ ግንባታው ያላለቀ አንድ ረጅም ፎቅ መንገዱን አቋርጦ መጣ። በባሕር ዛፍ እንጨት ዙሪያውን ታስሯል።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጠፍቶብኝ ነው። የት ነው ያለሁት?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እኔ እንግዳ ነኝ እኮ!»

«ለዚያ እኮ ነው» አለ ፎቁ። «የከተማው ሰው ሽቅብ አያየኝም። ሽቅብ የሚያየኝ እንግዳ ብቻ ነው።»

ይሄ እውነት ነበር። ሉባባ በመጀመሪያው ቀን «አባባ፣ አንገትህ ይቀጫል» እያለች ስትስቅባቸው ነበር። የፎቁን ባሕር ዛፎች ጠጋ ብለው አዩ። ከእንጨቶቹ አንዱ «አያ አሊጋዝ! እኔ ከቤትዎ በስተጀርባ የበቀልኩት አይደለሁም እንዴ?» አላቸው። ተቃቀፉ። ስለ ወንዙ ጠየቃቸው፣ ዘንድሮም እንዳልደረቀ ነገሩት።

ፎቁ ግን ሦስተኛውን ሲጠይቁት ድምፁ ወረደ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ዘንድሮ ያልቃል፣ ዘንድሮ ያልቃል እባላለሁ። መስኮት የለኝም። ክረምት ሲመጣ በጣም ይበርደኛል።»

አያ አሊጋዝ ጋቢያቸውን አውልቀው ሽቅብ ወረወሩለት። ጋቢው እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ ከላይ እስከ ምድር ቤቱ ሸፈነው። ፎቁ በዚያው ቆሞ አንቀላፋ፣ አያ አሊጋዝም ሉባባ ወደምትሠራበት ቢሮ ሄዱ።

ቢሮውን በመጀመሪያው ቀን ከታክሲ ውስጥ ሆና በጣቷ አሳይታቸዋለች፤ «ያውልህ አባባ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነኝ» ብላ። በሦስተኛው ቀን ሳይነግሯት ለብቻቸው ሄደው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ቢያገኟት ሦስተኛውን ሊጠይቁ። ለጥበቃው «ሉባባ አሊጋዝን ጥራልኝ፣ አባቷ ነኝ በላት» አሉት። ጥበቃው አንድ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አየና «እንዲህ የምትባል ሠራተኛ የለችም አባባ» አላቸው። አያ አሊጋዝ አልተገረሙም። የከተማ ሰው አብሮት የሚውለውን ሰው ስም እንኳ እንደማያውቅ ተማሩ፣ ሉባባ እንዳይከፋት ብለውም ምንም ሳይነግሯት ዋጡት።

በሕልማቸው ያው ጥበቃ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ጠበቃቸው። «ይፈትሹኝ» አለ።

ፈተሹት። ከኪሱ ትንሽዬ የሕፃን ካልሲ ወጣ።

«ልጄ ስትወለድ እዚህ በር ላይ ሆኜ የሰው ቦርሳ ስፈትሽ ነበር» አለ፣ ገና ሦስተኛውን ሳይጠይቁት። ቸኩሎ ነበር፣ ምስኪን። ካልሲውን ኪሱ መልሰው «አብሽር፣ አይዞህ» አሉትና ገቡ።

ውስጥ ያለው ነገር አጂብ ነበር። ሠራተኞቹ ሁሉ ወረፋ ይዘዋል። ከረባት ያሰሩ፣ ባጅ ያንጠለጠሉ፣ ፋይል ያቀፉ፣ ሰልፋቸው በደረጃው ተጠማዝዞ እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ይሄዳል። ወንበር ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የባለጉዳይ ነው። አያ አሊጋዝን አስቀምጠው ማኅተም ሰጧቸው። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ እውነቱን የተናገረ ሠራተኛ መዳፉ ላይ ይታተምለትና ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የቢሮው ሥራ ይሄው ነበር።

ከሰልፉ መጨረሻ ሉባባን አዩዋት። ቀጭን ሆና፣ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ይዛ።

«ነይ ወደዚህ ልጄ!»

«ወረፋ ነው አባባ።»

የወረኢሉ አውቶቡስም አዳራሹ ውስጥ ገብቶ፣ እግሩን አነባብሮ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጨዋ አውቶቡስ ነው፣ ጥሩንባ አልነፋም። ሰዓቱን አየት አደረገና «አያ አሊጋዝ፣ እኔ እንግዲህ መሄዴ ነው» አለ።

ያን ጊዜ ልባቸው ተሸበረ። ከፊታቸው የቆመው ቦርጫም ኃላፊ ነበር። አንደኛውን ጠየቁት። ሁለተኛውንም ጠየቁት። ከዚያ ድብን አድርገው አተሙና «የሚቀጥለው!» አሉ።

ኃላፊው መዳፉን አየ፣ እሳቸውን አየ። «ሦስተኛውስ?» አለ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። ሰልፉ ደግሞ ወደ ኋላ ረዘመ፣ ሉባባም ራቀች፤ ወረቀቷ እንኳ በግድ የምትታይ ሆነች።

አያ አሊጋዝ ፊታቸው ጋለ። አምስት ቀን ሙሉ ከተሜውን በሆዳቸው ሲያሙ ከርመው፣ አንድ ማኅተም ቢይዙ ከተሜ ሆነው አረፉት። «ይቅር በለኝ» አሉት ኃላፊውን። «እንዴት ነህ ወንድሜ?»

«ሰው ሁሉ አቤቱታውን ይዞ ይመጣል» አለ ኃላፊው። «አንተስ ብሎኝ የሚያውቅ የለም።» በከረባቱ ዓይኑን አበሰ።

እንዲህ እንዳለ ሰልፉ ሟሟ። ሉባባ ከፊታቸው ቆማ ነበር።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ዝናቡ ብቻ ነው ያስቸገረን።»

አያ አሊጋዝ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ለሦስተኛው አፋቸውን ከፈቱ። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! የሞላ!» የሚል ወጣ። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እንደገና ሞከሩ። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ አፋቸው። ሠራተኞቹ ሁሉ ጀርባቸው ላይ ለመውጣት ሮጡ፣ አውቶቡሱ ተነሳ፣ ሉባባ በሰው መሐል ተሸፈነች፣ እሳቸው ግን መጮህ አላቆሙም፦ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!»

«አባባ! ኧረ አባባ፣ ተነስ!»

ነግቷል። ሉባባ ትከሻቸውን እየነቀነቀች ትስቃለች። «ረዳት ሆነህ አደርክ እኮ! በል ተነስ፣ መኪናው ያመልጥሃል፣ እኔም ሥራ ይረፍድብኛል።» ቦርሳዋን አንግታለች፣ የጫማዋ ክር ታስሯል።

አያ አሊጋዝ አልጋው ላይ ተቀመጡ። «እንዴት አደርሽ?» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ዳቦ ቋጥሬልሃለሁ፣ ሻዩንም በፔርሙዝ...»

እጇን ያዟት። አፋቸውን ሲከፍቱ ፈሩ፣ ምን እንደሚወጣ አላወቁም ነበርና።

«ሉባባ፣ እንዴት ነሽ?»

ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ሉባባ በሩን አየች። ስልኳን አየች፤ ያን ቀን እንኳ ሳይጮህ ቀረ። ከዚያ የአባቷ ሻንጣ ላይ ቁጭ አለች።

«ሥራ የለኝም አባባ» አለች። «ሰው ሲቀንሱ እኔንም ቀነሱኝ፣ ይኸው ሦስተኛ ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት የምወጣው አንተ እንዳታውቅብኝ ብዬ ነው። ሥራ ስፈልግ እቆይና ሲደክመኝ መናፈሻ እቀመጣለሁ። እዚያ ማንም ሰው ምንም አይጠይቅም።»

ጥበቃው አልዋሸም ነበር። ያን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሲያይ ለአያ አሊጋዝ ታያቸው፣ ልባቸውም ክፉኛ አዘነ። ከአልጋው ወርደው፣ ከፊቷ በርከክ ብለው፣ ሕፃን ሳለች ያደርጉላት እንደነበረው የጫማዋን ክር ይፈቱ ጀመር። አንዱን ፈትተው ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ እንባዋ እጃቸው ላይ ጠብ አለ።

«አብሽሪ» አሉ። «አብሽሪ የኔ ዓለም። ንገሪኝ እስቲ።»

የአያ አሊጋዝ ስልክ ጮኸ። ዘይነባ ነበሩ።

«ተሳፈርክ?»

«አልተሳፈርኩም» አሉ አያ አሊጋዝ፣ አንዱን ጫማ በእጃቸው እንደያዙ። «ዛሬ አልመጣም። ገና ሦስተኛው ላይ ነን።»