ቲኪሪ ወንድሙን ሲድር

(ከናዋላፒቲያ ወደ ተራራው የሚወጣ ባቡር። ሁለት ወንድማማቾች በመስኮት በኩል ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ታናሹ ቲኪሪ ጋዜጣ ሲያነብ ማስታወቂያውን እንኳ የማይዘል፣ ያነበበውንም ለራሱ ብቻ ይዞ መቅረት የማይችል ሰው ነው። ታላቁ ሙዲያንሴ ሃምሳን አልፏል፤ ሚስት አግብቶ አያውቅም፤ ጥያቄ ሲቀርብለት አስቀድሞ ጉንጩን ያካል። ዛሬ ወደ ሃፑታሌ የሚሄዱት ቢሶ መኒኬ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ለሙዲያንሴ እንድትዳርለት ሊጠይቁ ነው፤ ለስጦታ ሙዝ፣ ለታላቅ ሰው በክብር የሚቀርብ የቡላት ቅጠልም ይዘዋል። ባቡሩ ገና ከመንቀሳቀሱ ጭቅጭቁ ተጀምሯል።)

ቲኪሪ፦ አያ፣ ፊትህን ወደ ኋላ አዙረህ ነው እኮ የተቀመጥከው! ወደ ፊት የሚሄድ ሰው ወደ ኋላ ይቀመጣል?

ሙዲያንሴ፦ የዞረው መቀመጫው ነው። እኔ ምን ላድርግ?

ቲኪሪ፦ ተነስና እኔ ጎን ተቀመጥ።

ሙዲያንሴ፦ አንተ ጎን ሙዙ ተቀምጧል።

ቲኪሪ፦ ሙዙን አንተ ቦታ ላይ አድርገው።

ሙዲያንሴ፦ ወደ ኋላ መሄድ ለሰው ካልተመቸ ለስጦታ ይመቻል?

ቲኪሪ፦ ሙዝ ዓይን የለውም!

ሙዲያንሴ፦ ተወኝ፣ እንዲህ ይሻለኛል። አንተ የሚመጣውን ታያለህ፣ እኔ ያለፈውን አያለሁ። ተባብረን ምንም አያመልጠንም።

ቲኪሪ፦ (ወደ ጣሪያው እያየ) ይህን ሰው ነው እንግዲህ ሙሽራ የማደርገው። ስማኝ አያ። ዛሬ የአንተ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ዝምታ። ሻይ ሲያቀርቡልህ ትቀበላለህ፣ ትጠጣለህ፣ ዝም ትላለህ።

ሙዲያንሴ፦ ጣፋጭ ካቀረቡስ?

ቲኪሪ፦ አንዱን ታነሳለህ፤ ሁለተኛውን በዓይንህ ብቻ። ንግግሩ የእኔ ነው። ሙሽራ ስለ ራሱ አፉን አይከፍትም፣ ደንቡ ነው። ወላጆቻችን ካረፉ በኋላ ለአንተ የሚናገርልህ ዘመድ እኔ ብቻ ነኝ።

ሙዲያንሴ፦ አንተ ካልተናገርክ ጋብቻ የለም ማለት ነው?

ቲኪሪ፦ የለም!

ሙዲያንሴ፦ ከተናገርክስ?

ቲኪሪ፦ አለቀ! ከአፌ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ማለት የለም። በሰው ፊት የተሰጠ ቃል ነው።

ሙዲያንሴ፦ (ጉንጩን እያከከ) እኔም እሱኑ ነው የፈራሁት።

ቲኪሪ፦ ምን ያስፈራል? እናታችን ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት በወጉ የበሰለ ሩዝ አይተሃል?

ሙዲያንሴ፦ የማበስለው እኔ ነኝ።

ቲኪሪ፦ ለዚህ ነው የምጠይቅህ!

ሙዲያንሴ፦ ትበላዋለህ እኮ።

ቲኪሪ፦ ወንድምህ ስለሆንኩ ነዋ! አሁን ግን አምላክ ይመስገን፣ ቢሶ መኒኬ ማድቤት ስትገባ ሁሉ ነገር ይስተካከላል።

ሙዲያንሴ፦ (ፊቱ እየበራ) ማድቤቱማ ግሩም ነው። የጭስ ማውጫ አለው።

ቲኪሪ፦ የእኛ ማድቤት? የእኛ ጭስ በዓይናችን በኩል ነው የሚወጣው።

ሙዲያንሴ፦ መስኮቱም ሰፊ ነው። ሲከፈት ቁልቁል ሻዩ ይታያል።

ቲኪሪ፦ አያ፣ የእኛ መስኮት ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ጎሽ ነው። እሱም ጀርባው።

ሙዲያንሴ፦ እና ነፋሻማ ነው።

ቲኪሪ፦ (በአዘኔታ) አይ፣ ደርሶብሃል። ሰው በስተርጅና ሊያገባ ሲል እንዲህ ይቀባዥራል፤ አንብቤዋለሁ። ውሃ ጠጣ።

(ሙዲያንሴ ውሃ ይጠጣል። ባቡሩ ሃተንን አልፎ በተራራው ወገብ ላይ ይታጠፋል። ከመስኮቱ ውጭ ሸንተረሩ ሁሉ ሻይ ነው። በሩ ላይ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሳሉ።)

ሙዲያንሴ፦ ምኑን ነው የሚያነሱት?

ቲኪሪ፦ ሻዩን።

ሙዲያንሴ፦ ሻይ አይተው አያውቁም?

ቲኪሪ፦ በከረጢቷ ሆና፣ ክሯን አንጠልጥላ ነው የሚያውቋት። እስቲ አንተስ ታውቃለህ? ይህ ቁጥቋጦ ለምን ከወገብ በላይ እንደማያድግ?

ሙዲያንሴ፦ ደክሞት?

ቲኪሪ፦ ይቆረጣላ! ቢተውት ዛፍ ነው የሚሆነው፤ መሰላል ታቆምለት ነበር። በየጊዜው አናቱን ይቆርጡታል፣ ወደ ጎን ይሰፋል፣ እንደ ጠረጴዛ ይደለደላል። ከዚያ ያች እንቡጥና ሁለት ለጋ ቅጠሎች ብቻ ይቀነጠሳሉ። ሦስተኛዋ ቅጠል ከተጨመረች ጣዕሙ ይሻክራል። አያምርም? አንድ ተራራ ሙሉ፣ ቅጠል በቅጠል፣ በጣት!

ሙዲያንሴ፦ ያምራል። እነዚያ ከረጢት በጀርባቸው ያዘሉት ሴቶች ግን ዳገቱን ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ይውላሉ።

ቲኪሪ፦ ታዲያስ?

ሙዲያንሴ፦ ቁጥቋጦው ወደ እነሱ አይመጣም?

(ቲኪሪ ይስቃል። ሳቁ ሳል ይሆንበታል።)

ቲኪሪ፦ ሥር አለው እኮ አያ! ሥር ያለው ነገር ከቦታው አይነሳም። ያረጀ የሻይ ቁጥቋጦ ነቅለህ ሌላ ቦታ ብትተክለው ይደርቃል።

ሙዲያንሴ፦ ስለዚህ እግር ያለው ነው ሥር ወዳለው የሚሄደው?

ቲኪሪ፦ ሌላ ምን መንገድ አለ?

ሙዲያንሴ፦ ሁልጊዜ?

ቲኪሪ፦ ሁልጊዜ! የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ሙዲያንሴ፦ ለሰውም?

ቲኪሪ፦ ለሰውም፣ ለእንስሳም፣ ለባቡርም! ጣቢያው ወደ ባቡሩ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?

ሙዲያንሴ፦ እስቲ አንዴ ድገምልኝ። ለእኔ ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ።

ቲኪሪ፦ (በደስታ፣ በጣቱ እየቆጠረ) አንደኛ፣ ሥር ያለው አይንቀሳቀስም። ሁለተኛ፣ እግር ያለው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እግር ያለው ሄዶ ሥር ካለው ጋር ይኖራል። ገባህ?

ሙዲያንሴ፦ በደንብ።

(የቫዴ ሻጭ ቅርጫቱን ከፍ አድርጎ እየጮኸ ያልፋል። ወንድማማቾቹ ትንንሽ የባሕር ሽሪምፕ የተለጠፈበት፣ ከተፈጨ ምስር በዘይት የተጠበሰ ቫዴ ይገዛሉ። የተጠቀለለው በተማሪ የፈተና ወረቀት ነው። ቲኪሪ ወረቀቱን ዘርግቶ መነጽሩን ያደርጋል።)

ቲኪሪ፦ ይህን ተመልከት! «የአገራችን ረጅሙ ወንዝ» ተብሎ ተጠይቆ ልጁ «ዝናብ» ብሎ መልሷል! መምህሩ ደግሞ ግማሽ ነጥብ ሰጥቶታል! ለምን ግማሽ? በምን ሂሳብ?

ሙዲያንሴ፦ (እያላመጠ) ልጁ ሃተን የሚኖር ይሆናል። እዚያ ዝናቡም ረጅም ነው።

ቲኪሪ፦ እውቀት እንዲህ አይከፋፈልም! ወይ ታውቃለህ ወይ አታውቅም! እኔ መምህሩን ባገኘው... ቫዴዬ የት ሄደ?

ሙዲያንሴ፦ አንተ ፈተና ስታርም ቀዘቀዘብህ። አሳዘነኝና በላሁልህ።

(ባቡሩ ናኑ ኦያን ካለፈ በኋላ ጉም መስኮቱን ይሸፍነዋል። ብርድ ይገባል። ሙዲያንሴ ኮቱን ይቆልፋል።)

ቲኪሪ፦ አሁን ልብ በል፣ ትልቁ ነገር መጣ። ከፓቲፖላ ቀጥሎ ዋሻ አለ፣ የመንገዱ ሁሉ ከፍተኛ ቦታ። በዚህ በኩል ጉም፣ በዚያ በኩል ፀሐይ! ተራራው ደመናውን እንደ አጥር ይይዘዋል። ጨለማ ስትገባ በአንድ አየር ነህ፣ ስትወጣ በሌላ።

ሙዲያንሴ፦ ዋሻው ውስጥ ፊት ለፊት መተያየት ይቻላል?

ቲኪሪ፦ ምንም አይታይም።

ሙዲያንሴ፦ እንግዲያው እዚያ እነግርሃለሁ።

ቲኪሪ፦ ምኑን?

(ባቡሩ ዋሻ ይገባል። ድቅድቅ ጨለማ።)

ሙዲያንሴ፦ ቲኪሪ፣ ቢሶ መኒኬ ወደ እኛ ቤት አትመጣም። እኔ ነኝ ወደ እሷ የምሄደው። ቢና ነው የምገባው።

(የመንኮራኩር ድምፅ ብቻ። ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ ፀሐይ ቦግ ይላል። የቲኪሪ አፍ እንደተከፈተ ነው።)

ቲኪሪ፦ ቢና! በሚስቱ ቤት የሚኖር ባል! አያ፣ ባል የተባለ ዲጋ ነው የሚያገባው፤ ሚስቱን ወደ ራሱ ቤት ያመጣል! የቢና ባል ማለት እኮ... ጃንጥላውን ከበሩ ጎን ሰቅሎ የሚኖር ሰው ነው! ሴትየዋ አንድ ቀን «ውጣ» ብትለው ዝናብ እንዳይመታው!

ሙዲያንሴ፦ መስቀያውን አሳይታኛለች። ጠንካራ ነው።

ቲኪሪ፦ አሳይታሃለች? መቼ አየሃትና?

ሙዲያንሴ፦ አክስታችንን ልጠይቅ ስሄድ።

ቲኪሪ፦ አክስታችን ያለችው ባንዳራዌላ ነው!

ሙዲያንሴ፦ ሃፑታሌ ይቀድማል። እዚያ ስደርስ ይደክመኝና እወርዳለሁ።

ቲኪሪ፦ «አክስቴ እንዴት ናት» ስልህ «ደህና ናት» ትለኝ አልነበር?

ሙዲያንሴ፦ ደህና ናት እኮ። ታማ ቢሆን በሰማን ነበር።

ቲኪሪ፦ እሷ ለምን አትመጣም? እግር የላትም?

ሙዲያንሴ፦ ሻይ አላት፤ ባሏ የተወላት ቁልቁለት። ቀን ከቀን የሚቀነጠስ ነው፣ ጥላው ከመጣች ዛፍ ይሆናል። እኛ ምን አለን? ሁለት የሙዝ ተክልና የጎረቤት ጎሽ። እግር ያለው ሄዶ ሥር ካለው ጋር ይኖራል።

ቲኪሪ፦ እኔ ስለ ሻይ ነው ያልኩት!

ሙዲያንሴ፦ «ለሰውም» ብለሃል። ድገምልኝ ስልህም በጣትህ ቆጥረህ ደግመሃል።

(ቲኪሪ ጣቶቹን እንደ ባዳ ይመለከታቸዋል። ከመስኮቱ ውጭ ሸለቆው እስከ ሩቅ ሜዳ ድረስ ተዘርግቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አያብራራም።)

ቲኪሪ፦ እኔስ?

ሙዲያንሴ፦ አንተስ ምን?

ቲኪሪ፦ ማን ያበስልልኛል?

ሙዲያንሴ፦ ያረረ ነው ትል አልነበር?

ቲኪሪ፦ ያረረ ነው! ግን ለምጄዋለሁ! (ድምፁ ዝቅ ይላል) እንዲህ ከሆነ አልናገርም። ቤታቸው ገብቼ ሻይ እጠጣለሁ፣ አፌን ግን አልከፍትም። ያለ እኔ ቃል ደግሞ ጋብቻ የለም።

ሙዲያንሴ፦ (ለረጅም ጊዜ ጉንጩን ካከከ በኋላ) እሺ። ታናሼ ነህ፣ አላስገድድህም። ከሃፑታሌ በሚመለሰው ባቡር እንመለሳለን። እሷም ይገባታል። ወንድሞቿን ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ቲኪሪ፦ የፈለግኸውን በላቸው።

ሙዲያንሴ፦ «ቲኪሪ የዲጋውን ንግግር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የቢናውን አያውቅም» ብላቸው ይቀበሉኛል?

ቲኪሪ፦ ምን? ማነው የማያውቀው?

ሙዲያንሴ፦ አያሳፍርም እኮ። ከባድ ነው ይላሉ። ሴት ከመጠየቅ ወንድም መስጠት ይከብዳል ይላሉ።

ቲኪሪ፦ ለማን ነው የሚከብደው? ለእኔ?

ሙዲያንሴ፦ አታድክም ራስህን። ጊዜም የለም፣ ኢዳልጋሺናን አልፈናል።

ቲኪሪ፦ (ተነስቶ ሸሚዙን እያስተካከለ) ያን የቡላት ቅጠል አቀብለኝ! ቅጠል ሳላቀርብ ለታላቅ ሰው አልናገርም። ቢና ደግሞ መክፈቻው ለየት ይላል፤ መጀመሪያ የተቀባዩን ቤት ማመስገን ነው፣ ከዚያ... ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው!

ሙዲያንሴ፦ ምንም አላልኩም።

(ሃፑታሌ። ይወርዳሉ። ቲኪሪ የቡላት ቅጠሉን እቅፍ በሁለት እጁ ይዞ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ሙዲያንሴ ሙዙን ተሸክሞ ይከተላል።)

ሙዲያንሴ፦ ቲኪሪ፣ ታላቅ ወንድሟ ማለት...

ቲኪሪ፦ እንዳትነግረኝ! ሰው መለየት የእኔ ሥራ ነው። ያውልህ፤ ነጭ በነጭ የለበሰው፣ ቀጥ ብሎ በሩ ላይ የሚጠብቀን። አየህ ክብር? እጁን እንኳ አስቀድሞ ዘርግቷል!

(በሩ ላይ ወደ ቆመው ሰው ቀርቦ ጎንበስ ይላል፣ ቅጠሉን በተዘረጋው እጁ ላይ ያኖራል።)

ቲኪሪ፦ የተከበሩ ታላቃችን! ጥላው ብዙ፣ ደጁ ሰፊ ወደሆነው ቤትዎ የመጣነው ልንወስድ አይደለም፣ ልንሰጥ ነው። ይህ ወንድሜ ሙዲያንሴ ነው። ቶሎ አይመልስም፤ ግን ይመልሳል፣ ትንሽ ጠብቁት። እናታችን ስትታመም በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው፣ እኔ ከኋላ መንገድ አሳይ ነበር፤ መንገዱን ግን እሱም ያውቀው ነበር። ሁልጊዜ እኔ ስናገር ያዳምጠኛል። ማንም... ማንም እንደሱ አያዳምጠኝም። እግር አለው፣ እናንተ ጋ ሥር ይስደድ። ሰጥቻችኋለሁ። አደራ።

(ነጭ የለበሰው ሰው ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል። ቲኪሪ ወደ ኋላው ይዞራል፤ እሱም ዓይኑ ቀልቷል።)

ቲኪሪ፦ (በሹክሹክታ) እንዴት ነበር?

ሙዲያንሴ፦ ግሩም ነበር። ሰውየውም አለቀሰ።

ቲኪሪ፦ አየህ፣ ሩኅሩኅ አማች ነው ያገኘኸው።

ሙዲያንሴ፦ አማቾቼ ከአጥሩ ወዲያ ናቸው፤ እነዚያ ባለ ሽርጦቹ፣ አፋቸውን ይዘው የሚያዩን። ይኼኛው የጣቢያው ሹም ነው። እጁን የዘረጋው ትኬታችንን ሊቀበል ነው።

ቲኪሪ፦ (ኪሱን ለትኬት እየዳበሰ) አያ... ለምን አላስቆምከኝም?

ሙዲያንሴ፦ እንዴት ላስቁምህ? አንተ ስለ እኔ እንዲህ ስትናገር በዕድሜዬ ገና ዛሬ መስማቴ ነው። በል አሁን ለሰውየው ትኬቱን ስጠው፣ ቅጠሉን ተቀበለውና ለወንድሞቿ ድገምላቸው፤ እኔም ደግሜ ልስማው።