ፈቃድ የሚጠብቀው ጣሪያ

ዓደን ውስጥ ጣሪያ ትዝ የሚለው ሰው የለም። ዝናብ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይረሳናል። ሲመጣ ግን የቀረባቸውን ዓመታት ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው።

እኔ ክሬተር በሚባለው የዓደን አሮጌ ሰፈር ውስጥ ፍሪጅና ማራገቢያ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ከባለቤቴ ከአልማዝ ጋር የተከራየነው የኻላ ሰልማ ቤት ላይኛውን ፎቅ ነው። ኻላ ማለት አክስት ነው፤ አሮጊቷን አከራያችንን ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ቤቱን ያሠሩት አያታቸው ናቸው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ። ከታች የእንጨት ወራጅ፣ ከዚያ ሰሌን፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከላይ ኖራ።

ሰሜንና ደቡብ የመን ከተዋሐዱ በኋላ ነው፤ ዓመቱን አልይዘውም። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ያለ ልማዱ ዘነበና ከጓዳችን በላይ ያለው ጣሪያ ግማሹ ወረደ። አልማዝ በዚያች ሰዓት ጓዳ መሆን ነበረባት። እሷ ግን ደረጃው ላይ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዛለች። ወሬ ቤት ያፈርሳል ይባላል አይደል? የኔን ሚስት ግን አተረፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬሽ በዛ ብያት አላውቅም።

ቆርቆሮ ጣልበትና ተገላገል ያላለኝ ሰው የለም። እኔም ያንኑ አሰብኩ። የቀን ሠራተኞች ከሚቆሙበት ቦታ ሄጄ ጀማልን አገኘሁት። የራያ ሰው ነው፤ ሠላሳውን ያለፈ፣ አገር ቤት ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት። ሐሙስ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ሳዑዲ መንገድ ሊጀምር ነው። የተገናኘነው እሑድ ነበር።

"ቆርቆሮ ከሆነ ሁለት ቀን ይበቃኛል፣ ጋሼ" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮውን ደረጃ ለደረጃ ስናወጣ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ደረሰብን። ሩኽሳ አለህ ወይ አለኝ። ሩኽሳ ፈቃድ ነው። ኻላ ሰልማ በእንግሊዝ ጊዜ ያደጉ ስለሆኑ እስከ ዛሬ "ፐርሚት" ነው የሚሉት። እኔ በየትኛውም ስሙ አልነበረኝም።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። የከተማው ደንብ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ ይከለክላል፤ ጣሪያው እንደነበረው ነው የሚጠገነው ብሎ አስረዳኝ። እሺ ብዬ ፈቃዱን ልጠይቅ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ሌላ ቢሮ ላኩኝ፤ ከዋና ከተማዋ ከሰንዓ የመጣው ሕግ ያለው እዚያ ነው። የዚያ ቢሮ ጸሐፊ ገጹን ገለበጠ፣ ገለበጠና እንጨትና ጭቃ የሚል የለም፣ ጣሪያ ማለት ቤቶን፣ አርማታ ነው አለኝ። ተመልሼ ቤቶን ብዬ ስናገር ተቆጣጣሪው ሳቀ። ያ አሮጌ ግድግዳ ቤቶን ይሸከማል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ አስቡት። የሰንዓው ሕግ ቤቶን ይላል፣ የዓደኑ ደንብ ጭቃ ይላል፣ እኛ መሀል ላይ ሰማይ እያየን ተቀምጠናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኛ ወረቀት ግን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የሚሄደው በእኔ እግር ነበር።

ረቡዕ ጀማል ሊሰናበተን መጣ። አልማዝ ምሳ አቀረበችለት። በልቶ ሲጨርስ ቀና ብሎ የተቀደደውን ጣሪያ አየ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጣና የተረፈውን ወራጅ በእጁ ዳሰሰ።

"ይሄ እኮ ህድሞ ነው" አለ።

ህድሞ በነሱ አገር የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ ያለው ቤት ነው። አባቱ ህድሞ ሠሪ ነበሩ፤ እሱም ከእሳቸው ጋር አድጎበታል።

"ትችለዋለህ?" አልኩት።

"እንዴት አልችለውም? ቆርቆሮውን ነው በግድ የተማርኩት።"

አልማዝ ፈቃዱ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ብትቆይስ አለችው። ጓደኞቹ ነገ ይሄዳሉ፤ ብቻውን መንገዱን አይደፍረውም። በመጨረሻ "አንድ ሳምንት ምን አላት" ብሎ ቀረ። ሐሙስ ጓደኞቹ ያለ እሱ ሄዱ።

አንዷ ሳምንት ሰባት ሆነች። ቀዳዳው ላይ ሸራ ወጠርን። ጀማል የቀን ሥራውን እየሠራ በየማታው ብቅ ይልና "ወረቀቱስ፣ ጋሼ?" ይለኛል። እኔ ዓይኑን ማየት ተሳነኝ። ልጆች ያሉትን ሰው ለጓዳዬ ብዬ ከመንገዱ አስቀረሁት እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ከጓደኞቹ ሁለቱ ተመለሱ። ድንበር ላይ ተይዘው ነበር፤ አንደኛው ያነክሳል። ሦስተኛው የት እንደደረሰ አያውቁም። በሕይወት እንዳለ ደውሎ የነገራቸው ኋላ ነው። ጀማል የሚያነክሰውን ጓደኛውን ጫማ አውልቆለት እግሩን አጠበለት። ስለ ወረቀቱ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

በዚያው ሰሞን ነው ነቢላ የምትባል የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ቤቱን ልታይ የመጣችው። ወጣች፣ ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገች፣ ከዚያ ማን ነው ይህን መሥራት የሚያውቅ አለች። ጀማል በተሰባበረ ዓረብኛና በሁለት እጁ ይነግራት ጀመር። ጭቃው ከገለባ ጋር ስንት ቀን እንደሚቦካ። ውሃው በየት በኩል ተንሸራትቶ እንደሚወርድ። እሷ ትጽፋለች፤ ኻላ ሰልማ አያቴም እንዲህ ነበር የሚያሠሩት እያሉ ይመሰክራሉ።

ነቢላ የሰንዓውን ሕግና የዓደኑን ደንብ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አነበበቻቸው። ለካ የሰንዓው ሕግ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር አለች፦ አሮጌ ቤት በአካባቢው ደንብ ይጠገን ትላለች። ሰባት ሳምንት የተንከራተትነው እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው አጥተን ነው። ፈቃዱ በሦስተኛው ቀን ወጣ።

ጀማል ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር ሠራው። ሲያልቅ ኻላ ሰልማ ሁለት በርሜል ውሃ ላዩ ላይ አስደፉ። እኔና አልማዝ ጓዳ ውስጥ ቆመን ወደ ላይ አንጋጠን ጠበቅን። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ጀማል "አልሐምዱሊላህ" ብሎ እዚያው ጣሪያው ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ነበርና ማልቀሱን ያወቅነው በኋላ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ልጠቅስላችሁ ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እኔ ብልህ ሆኜ አልዘገየሁም፣ ከልክለውኝ ነው። በሁለት ቀን ቆርቆሮውን ብመታ ኖሮ ጀማል ሐሙስ ሄዶ ነበር።

ዛሬ ነቢላ በየአሮጌው ቤት ትጠራዋለች። ከፊቱ አራት ጣሪያ አለ። አሁን የቀረው የእሱ የራሱ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው ነው። ነቢላ ለአሮጌ ቤቶች ጥገና ያስፈልጋል የሚል ደብዳቤ ጽፋለት ማመልከቻው ገብቷል። ማመልከቻውን የተቀበለን ጸሐፊ የሚያዩት ሁለት ቢሮዎች ናቸው፣ አንዱ ከሰንዓ፣ አንዱ ከዚህ ብሎናል።

ግድ የለም፣ እናውቅበታለን።