ውዴ ዘገሳይ ግድቧን ያስተነፈሰችበት ዜና

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ውዴ ደምሴ ከጅዳ በተመለሰች በአራተኛው፣ ግድቧን ባቆመች በሁለተኛው ዓመት፣ ጉና ደመናውን ተከናንቦ ሰማዩ እንደ ተቀደደ ስልቻ በሚያፈስበት በወርኃ ሐምሌ፣ ከገሳይ ከተማ በታች የሆነውን ነገር ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጽፋለን፤ የሚያነብ ያስተውል፣ የሚሰማም ጋቢውን ሰብስቦ ይቀመጥ።

ይህች ውዴ፣ ገባሪተ ግድብ፣ ዐቃቢተ ማይ፣ ይኸውም ግድብ ሠሪዋ፣ ውኃ ጠባቂዋ፣ የድንች እናት፣ ሰባት ዓመት በሰው አገር የሰው ወለል ስትወለውል ኖራ በመጣች ጊዜ፣ እኩዮቿ ደብረ ታቦር ላይ ሱቅና ጸጉር ቤት ሲከፍቱ፣ እሷ በአባቷ በአቶ ደምሴ መሬት፣ በሁለት ጉብታ መካከል፣ ቁመቱ ሁለት ሰው ተደራርቦ የሚቆምበትን የአፈር ግድብ አሠራች፤ የክረምቱን ውኃ አጠራቅማ በበጋ ድንችና ሽንኩርት ታጠጣበት ዘንድ። ግድቡም የመንግሥት አይደለም፣ የማኅበር አይደለም፣ የራሷ ነው። ጠዋት ጠዋት በአናቱ ላይ ስትራመድ ያያት ሁሉ ቅጥሯን የምትጎበኝ ንግሥት ትመስለው ነበር፤ እሷም በልቧ ከዚያ አላነሰችም።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ በዚያው በሁለት ሺህ ስምንት ዓመት በታኅሣሥ፣ የውኃ ባለሙያው ፈንታሁን በሞተር ሳይክል፣ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ መጣ፤ ግድቡን ዞረ፣ በጫማው መታ፣ በዱላ ወጋ፤ ከዚያም እንዲህ ሲል አወጀ፦

“ስሚ ውዴ። አፈሩ ደህና ተጠቅጥቋል፣ ሥራሽ ጥሩ ነው። ግን ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ቦይ የለውም። ሞልቶ በአናቱ ከፈሰሰ አያድርም። በዚህ በድንጋያማው ጎን ቦይ አስቆፍሪ። ከግርጌው ውኃ ከመነጨ ደግሞ በብርጭቆ ቅጂና እዪው። ኩልል ካለ ጠብቂ። ከደፈረሰ አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነው፣ ያኔ አትጠብቂ፤ ውኃውን አጉድዪ።”

ቦዩ ግን ከድንጋዩ ወርዶ የሚያልፈው በድንቿ ማሳ መካከል ነበር። ስለዚህ ውዴ እንዲህ ብላ መለሰች፦

“ሰባት ዓመት የሰው ውኃ ስደፋ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ የራስሽን ድፊ ትለኛለህ?”

ፈንታሁንም ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ቦዩ ሳይቆፈር በጋው አለፈ።

አመ ፲ወ፪ ለሐምሌ፣ ይኸውም ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን፣ ግድቡ ሊሞላ ክንድ ሲቀረው፣ አቶ ደምሴ ግርጌው ርሶ አገኙት። እሳቸውም ጺማቸውን ዳስሰው “ላቡ ነው፤ ይህን ሁሉ ውኃ ተሸክሞ እንዴት አያልበው?” ሲሉ ፈረዱ፤ ጭቃና እበት ለውሰውም ደፈኑት። በማግስቱ ውኃው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ወጣ። ቢቆፍሩ የፍልፈል ጉድጓድ አገኙ። ያን ጊዜ አቶ ደምሴ በፍልፈል ላይ ዘመቻ አወጁ፤ ሰባት ቀን ዱላ ይዘው፣ ጆንያ ተከናንበው ከጉድጓዱ አፍ ሰፈሩ። ከጠላት ወገን ግን ማንም ብቅ አላለም። ውዴም በየማለዳው በብርጭቆ እየቀዳች ወደ ብርሃን ታነሣ ነበር፤ ውኃው ኩልል ይላል፣ እሷም እፎይ ትላለች።

በሰባተኛው ቀን፣ በሐምሌ ገብርኤል ማለዳ፣ በብርጭቆው ውስጥ ያለው እንደ ጉሽ ጠላ ደፈረሰ። ብርጭቆው ቆሽሾ ይሆናል ብላ አጥባ ቀዳች፤ ደፈረሰ። ሦስተኛ ቀዳች፤ አፈሩ ከብርጭቆው ሥር ሲዘቅጥ በዓይኗ አየችው። አበባ ያወጣውን ድንቿን አየች። ከግድቡ በታች፣ ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ እቴነሽ ከሦስት ፍየሎቻቸው ጋር ከሚኖሩበት ቆርቆሮ ቤት የሚወጣውን ጭስ አየች። ምናልባት ክረምቱ እስኪወጣ ይይዝ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ጥቂትም አዳመጠችው። ከዚያ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተች ቁልቁል ሮጠች።

“እትዬ እቴነሽ፣ ፍየሎቹን ይያዙና ወደ እኛ ቤት ይውጡ። ግድቡ አላስተማመነኝም።”

“ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ ላይ ሰቅለሽው ስትኖሪ፣ ያላስተማመነሽ ዛሬ ነው?”

“ዛሬ ነው፣ እትዬ። በድዬዎታለሁ። አሁን ይውጡልኝ።”

ወጡ። ውዴም ዶማ አንሥታ ወደ ድንጋያማው ጎን ስታመራ አቶ ደምሴ መንገድ ላይ ቆሙ፦

“አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ገብርኤል ነው! በበዓሉ ቀን መሬት አይቆፈርም። ነገ ይደርሳል።”

ከውዴ ኋላ እትዬ እቴነሽ የፍየሎቹን ገመድ እንደ ያዙ አወጁ፦

“አያ ደምሴ፣ ቅዱስ ገብርኤል በዛሬዋ ቀን ቂርቆስንና እናቱን ከፈላ ውኃ ያወጣ መልአክ ነው። እኔን ከቀዝቃዛው ለማውጣት ቢቆፈር ይቆጣል? በል ዶማህን አምጣ!”

አቶ ደምሴም ዶማቸውን አመጡ።

የሠራዊቱም አሰላለፍ ይህ ነበር፦ በግንባር ውዴ ዘገሳይ፣ ነጠላዋን በወገቧ አሥራ፤ በቀኝ አባቷ ደምሴ፣ ተዋጊው በፍልፈል ላይ፤ በግራ ጎረቤታቸው ጌጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ እንደ ለበሰ አካፋ የጨበጠ፣ ለልብሱም ማለዳውን ሙሉ ሲያዝን የዋለ፤ በደጀን እትዬ እቴነሽ፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ ድጅኖ የተሸከሙ፤ በመጨረሻም ሦስቱ ፍየሎች፣ ለሥራው አንዳች ያልፈየዱ፣ የድንቹን ማሳ ግን ከውኃው ቀድመው የወረሩ።

ቆፈሩ። ድንጋይ ፈነቀሉ። በሰባት ሰዓት ዝናቡ መጣ፤ ጌጡም ስለ ልብሱ ማዘኑን ተወ። በዘጠኝ ሰዓት በውኃውና በቦዩ መካከል አንድ ክንድ አፈር ብቻ ቀረ። አቶ ደምሴ ዶማቸውን ሲያነሡ ውዴ እጃቸውን ያዘች፦

“አባዬ፣ ይህን ለእኔ ይተዉልኝ። ያጠራቀምኩት እኔ ነኝ።”

መታች። ውኃው መጀመሪያ የጣት ያህል ሾለከ፣ ከዚያ የክንድ ያህል፣ ከዚያ አፈሩን ገፍቶ እያጓራ ወረደ። ነጩና ሐምራዊው የድንች አበባ አንዴ ጎንበስ አለ፤ ደግሞም ቀና አላለም። በፊቷ ላይ የወረደው የዝናብ ውኃ ነው ብለን ብንጽፍ ለክብሯ ይበጅ ነበር፤ ሳንጨምር ሳንቀንስ ብለናልና፣ አለቀሰች።

“አይዞሽ” አሏት አቶ ደምሴ፣ ጆንያቸውን እያለበሷት። “ድንች ይተከላል።”

እስከ ማግስቱ ውኃው ከሰው ቁመት ያላነሰ ጎደለ። ፈንታሁንም በስልክ “በጭቃ አትድፈኑት! አሸዋና ጠጠር ደልድሉበት፣ ውኃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር” ብሎ አዘዘ፤ እንዳዘዘም ተደረገ። በሦስተኛው ቀን ብርጭቆው ኩልል አለ።

በገሳይ ገበያ ግን ሌላ ወሬ ተወራ። “ምንም ላልሆነ ግድብ ድንቿን አስበላች፤ ጅዳ ያስለመዳት ድንጋጤ ነው” ተባለ። ጌጡ ራሱ “እኔማ ይይዛል ብያት ነበር” ሲል ተሰማ። ውዴም ምን ትመልስ? ያልፈረሰ ግድብ ቆሞ አይመሰክርላት።

አመ ፫ ለነሐሴ፣ ከምሳ በኋላ፣ በጉና ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ ሦስት ሰዓትም አላባራ። ውኃው በግድቡ ውስጥ ተነሣ፣ ወጣ፣ ከቦዩ አፍ ደረሰ፤ እዚያም ዞር ብሎ በባዶው ማሳ ላይ ሄደ። ታላቅ ነገር እንጽፍ ዘንድ ቀለማችንን በጥብጠን ወጣን። እትዬ እቴነሽ ደጃፋቸው ላይ ከአንዲት ፍየል ጋር ሲጣሉ አገኘን። ወደ ውዴም ሄድን፤ በቀን ብርሃን፣ በረዶው ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ አፏን ከፍታ መደብ ላይ ተኝታለች። አቶ ደምሴ ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ተኝታ እንደማታውቅ ነገሩን።

ስለዚያች ዕለት የሚጻፍ አጣን። የፈረሰ የለም፣ የተወሰደ የለም፣ የጮኸም የለም። ሌሎች ዜና ጸሓፊዎች የጌቶቻቸውን ድል ባስለቀሷቸው ቤቶች ይቆጥራሉ፤ የእኛይቱ ድል አንዲት ባልቴት፣ ሦስት ፍየልና አንድ ቆርቆሮ ቤት በነበሩበት መገኘታቸው ነው። ስለዚህ ክብርና ውዳሴ ለውዴ ዘገሳይ፣ ለዐቃቢተ ማይ፣ ያጠራቀመችውን በገዛ እጇ ለለቀቀችው፤ ስሟ ከጉና እስከ ርብ ይጠራ፣ ግን በለሆሳስ። ማንም አይቀስቅሳት።